ከ«አሪፍ ነው» በላይ

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ጠረጴዛውን ዞረ። ፎቶው ላይ ያለው ሁለት እግር ብቻ ነው፤ ከተሳቢ ሥር ብቅ ያለ፣ ተረከዙ የተሰነጣጠቀ፣ አቧራ የጠጣ እግር። ከበላዩ ያለው የመኪና ጎማ የምስሉን ግማሽ ሞልቶታል። ያነሳውም ሹፌር ነው፣ የተኛውም ሹፌር ነው። ቦታው ከጅቡቲ መሀል ከተማ ወጣ ብሎ የጭነት መኪኖች የሚሰለፉበት ፒኬ 12 ነው።

«እግሩን ብቻ ምን ያደርግልሃል? ፊቱን አታነሳውም ነበር?» አለ ረዳቱ።

«ፊቱማ መንጃ ፈቃዱ ላይ አለ።»

ከጎናቸው የተቀመጠው መምህር ስልኩን ተቀብሎ በሁለት ጣቱ ምስሉን አሰፋ፣ መልሶ አጠበበ። «እግሩ ይናገራል። ጎማው ግን በዝቷል፤ ዓይኔን ይዞ አስቀረው። ዝቅ ብለህ ከመሬት ብታነሳው ኖሮ ጎማው ወደ ላይ ይሸሽልህ ነበር።»

«ዝቅ ብል የምተኛው ዘይት ላይ ነው፣ መምህር።»

«ተኛበታ!»

የምግብ ቤቱ ባለቤት ከጓዳ ብቅ አለች። «በሉ እግሩን ከማዕዱ አንሱልኝና ሽሮውን ላቅርብ።»

በዚህ የጅቡቲ ምግብ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጡት ኢትዮጵያውያን መካከል በፎቶ እንጀራ የሚበላ የለም። ያላቸው ስልክ ነው፤ እሱም ስክሪኑ የተሰነጠቀ። እንዲህ ጉድለቱን ፊት ለፊት መናገርን ግን እኛ ፎቶ በምንተያይበት ቦታ ብዙ ጊዜ አላየሁም። ፎቶ ስናሳይ የለመድነው መልስ «አሪፍ ነው» ወይም «ታምሪያለሽ» ነው። ጨዋነት ነው፣ ይሉኝታም አለበት። ያነሳው ሰው ግን በማግስቱ ካሜራውን ሲከፍት ከዚያ መልስ የሚጠቀምበት ነገር አያገኝም። «ጎማው በዝቷል» የተባለው ሹፌር ቢያንስ መሬት ላይ ይተኛ እንደሆነ ያሰላስላል። አማተር ፎቶ አንሺን የተሻለ ስልክ ከመግዛት ይበልጥ የሚያሳድገው ደፍሮ የሚነግረው ሰው ማግኘቱ ነው ብዬ አምናለሁ። ጅቡቲ ከተማ ይህን ለማየት የተመቸች ናት። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሲያነሷት የኖሩት በአብዛኛው አልፎ ሂያጆች ናቸው፤ ያነሱትንም ያሳዩት ከተማዋን ለማያውቅ ሰው ነው።

ከተማዋና የተራው ሰው ካሜራ እኩዮች መሆናቸው ይገርመኛል። ፈረንሳዮች ጅቡቲን የቆረቆሩት እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። በዚያው ዓመት ጆርጅ ኢስትማን አሜሪካ ውስጥ ኮዳክ የተባለውን ካሜራ ለገበያ አወጣ። ዋጋው 25 ዶላር ነበር፤ ሳጥኑ ውስጥ 100 ፎቶ የሚያነሳ ጥቅል ፊልም ተጭኖ ይሸጣል። ፊልሙ ሲያልቅ ካሜራው እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይላካል፤ ፎቶዎቹ ታጥበውና ታትመው፣ ካሜራውም አዲስ ፊልም ጎርሶ ይመለሳል። ስለ ኬሚካል ምንም የማያውቅ ሰው ፎቶ አንሺ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

በስዊዝ ቦይ አልፈው ወደ ማዳጋስካርና ወደ ኢንዶቻይና የሚጓዙት የፈረንሳይ መርከቦች ከሰልና ውሃ ለመሙላት ጅቡቲ ይቆሙ ነበር። ተሳፋሪው ለጥቂት ሰዓት ወርዶ በምኒልክ አደባባይ ዙሪያ ባሉት ነጫጭ ባለ ቅስት ቤቶች ጥላ ሥር አረፍ ይላል፣ ፖስትካርድ ገዝቶ ለዘመድ ይልካል። አደባባዩ ከነጻነት በኋላ ስሙ «27 ጁን 1977» ሆነ፤ ሕዝቡ ግን አሁንም ምኒልክ ይለዋል። እነዚያን ፖስትካርዶች ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ባቡር ጣቢያው ስሙ ተጽፎለታል፣ አደባባዩ ስሙ ተጽፎለታል። ሰውየው ግን ስም የለውም፤ በስሙ ቦታ የጎሣው ስም አለ። ፀጉሯን የተሠራች ልጅ «የሶማሌ ሴት» ናት፣ ጦር የያዘው «ዳንካሊ» ነው። ያነሳቸው ሰው ስማቸውን ጠይቆ እንደሆነ ካርዱ አይነግረንም።

በአካባቢው የነበሩት አማተሮች ግን ሁሉም ተሳፋሪዎች አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1894 ከጅቡቲ ወደ ኢትዮጵያ የሚወስደውን የባቡር መንገድ ፈቃድ ከአፄ ምኒልክ ያገኘው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከሥራው ጎን ለጎን ፎቶ ያነሳ ነበር። ክምችቱ ዛሬ ዙሪክ ውስጥ ተቀምጧል፤ ኢትዮጵያን ዓመታት ኖሮባት የሚያውቅ ሰው ዓይን እንዳለበት ያስታውቃል። ከእሱ ይበልጥ ልቤን የሚስበው ግን ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ነው። ግጥሙን ትቶ ሐረር ላይ ቡናና ቆዳ ይነግድ በነበረበት ጊዜ ካሜራ ከፈረንሳይ አስመጣ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1883 ለእናቱ በጻፈው ደብዳቤ የራሱን ፎቶዎች ላከ፤ በአንደኛው ቤቱ ሰገነት ላይ ቆሟል፣ በሌላው የቡና አትክልት ውስጥ ነው፣ በሦስተኛው እጆቹን አጣጥፎ ሙዝ መካከል ቆሟል። ፎቶዎቹ ነጥተዋል። ምክንያቱንም ጻፈ፦ ያጠበበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ ነው። እናቱ «አምሮብሃል» ከማለቷ በፊት የሥራውን ጉድለት ራሱ ነገራት። ከዚያም የቆዳ ጆንያ የሚሠራ ሰውና የሥራ ባልደረባውን ሶቲሮን አነሳ። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ከራሱ ምስሎች ይሻሉኛል፤ ሰዎቹ ሥራቸውና ማንነታቸው አላቸው። ካሜራውን እ.ኤ.አ. በ1885 ሸጠው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከዛሬዋ ጅቡቲ ከተማ የባሕር ሰላጤ ማዶ ወዳለችው ታጁራ ሄዶ ለምኒልክ የጠመንጃ ቅፍለት ለማዘጋጀት ወራት ጠበቀ። ያንን ሁሉ ጊዜ ያለ ካሜራ መቀመጡ እስካሁን ያስቆጨኛል።

መጠበቅ በዚህ ባሕር ዳር አሮጌ ሥራ ነው። ጅቡቲን በዘመናችን በዓለም ያሳወቃት ፎቶም የጠባቂዎች ፎቶ ነው። አሜሪካዊው ጆን ስታንማየር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 ለናሽናል ጂኦግራፊክ ያነሳው ሲሆን የዓመቱን የወርልድ ፕሬስ ፎቶ ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። ሌሊት ነው፤ ሙሉ ጨረቃ ባሕሩን አብርታዋለች። ስደተኞች ዳርቻው ላይ ቆመው ስልካቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተዋል። ታሪኩን ያልሰማ ሰው ጨረቃዋን ፎቶ የሚያነሱ ይመስለዋል። እነሱ ግን ከጎረቤት ሶማሊያ የሚመጣ ርካሽ ኔትወርክ እየፈለጉ ነው፤ ቤተሰብ ጋር ለመደወል።

ፎቶው ታላቅ ነው፣ በዚህ አልከራከርም። የስልኮቹ ብርሃን ከጨረቃዋ ጋር የሚወዳደርበት መንገድ ዓይንን አይለቅም። ግን ባየሁት ቁጥር አንድ ሐሳብ ይመጣብኛል፦ በእነዚያ ስልኮች ውስጥም ፎቶ ነበረ። ልጅ፣ እናት፣ የወጡበት ቤት በር፣ ምናልባትም ያን ቀን የተበላ ዳቦ። እነዚያን ፎቶዎች የሸለመ የለም፤ ማየት የሚገባው ሰው ዘንድ መድረሳቸውም ጨረቃ ሥር በሚገኝ ኔትወርክ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

የሚገርመው ጅቡቲ የኢንተርኔት በር መሆኗ ነው። እስያን፣ አውሮፓንና አፍሪካን የሚያገናኙ በርካታ የባሕር ሥር ኬብሎች እዚህ ይወጣሉ። በየብስ ላይ ግን አገልግሎቱን ይዞ የቆየው አንድ የመንግሥት ኩባንያ ነው፤ ዳታው ለደሞዝተኛ ኪስ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሹፌሮቹ ፎቶ የሚቀባበሉት ያለ ዳታ ከስልክ ወደ ስልክ በሚያስተላልፈው ዜንደር ነው። ለዚያ ደግሞ ጎን ለጎን መቀመጥ ያስፈልጋል፤ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ዘንድ ክርክሩ አይቀርም። ይህ የድህነት ምርቃት ነው ማለቴ አይደለም፤ ዳታው ቢረክስ ሁላችንም ደስ ይለናል።

በስልክ የተነሳ የዕለት ተዕለት ፎቶ የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ከእኛው አገር ምሳሌ አለ። ግርማ በርታ ራሱን በራሱ ያስተማረ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። በአይፎን የመንገድ ላይ ሰዎችን ያነሳል፦ ጫማ የሚጠርገውን፣ ሸክም ያዘለውን፣ ጃንጥላ የያዘችውን። ከዚያ ሰውየውን ከግርግሩ ነቅሎ ከነጥላው አንድ ወጥ ቀለም ላይ ያቆመዋል። በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2016 ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም በጋራ ይሰጡት ከነበረው የ10,000 ዶላር ድጋፍ ከሦስቱ ተሸላሚዎች አንዱ ሆኗል። ጠረጴዛው ላይ ስሙ ሲነሳ ግን ስምምነት አልነበረም። ሹፌሩ መንገዱን ማጥፋቱን አልወደደለትም፤ «ሰውየው የት እንደቆመ ካላየሁ ምን ይገባኛል?» መምህሩ በበኩሉ፣ በግርግሩ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ሰውየውን ማን ልብ ይለው ነበር ባይ ነው።

ሌላው ምሳሌ ከአይቮሪ ኮስት ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 ፒተር ዲካምፖና ኦስቲን ሜሪል የተባሉ አሜሪካውያን ስለ ጦርነት ማግስት ሊዘግቡ ሄደው፣ ለዘገባው የማይሆነውን ተራ ነገር በስልካቸው ማንሳት ጀመሩ፦ አሳንሰር የሚጠብቁ ሰዎችን፣ ምሳ የሚበሉትን። «ኤቭሪደይ አፍሪካ» ከዚያ ተወለደ፤ ብዙ አፍሪካውያን ፎቶ አንሺዎችም ገቡበት። እ.ኤ.አ. በ2017 መጽሐፍ ሆኖ ሲወጣ ከፎቶዎቹ ጋር ተመልካቾች የጻፏቸውን አስተያየቶችም አካተተ። ለእኔ ከፎቶዎቹ እኩል የሚነበበው እሱ ነው። አንዱ ፎቶውን አይቶ ይቆጣል፣ ሌላው የአያቱን ቤት ያስታውሳል፣ ሦስተኛው «ይሄ አፍሪካ አይደለም» ይላል። ፎቶው አንድ ሆኖ ሳለ ሰው ሁሉ ሌላ ነገር ያያል።

ወደ ጅቡቲ እንመለስ፤ ብርሃኗ አስቸጋሪ ነው። ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ትቆማለች፣ ግድግዳው ነጭ ነው፣ መሬቱም ያንጸባርቃል። መምህሩ ያሳየው ፎቶ የዚህ ችግር ሰለባ ነበር። በምኒልክ አደባባይ አንድ ልጅ ከቅስቱ ሥር ሮጦ ሲወጣ አንስቶታል፤ ጊዜው አንድ ቅጽበት እንኳ አልተሳተም። የልጁ ፊት ግን ከሰል ሆኗል። ስልክ ብርሃን የሚለካው ብዙ ጊዜ በፊቱ ያለውን ሁሉ አማካይ አድርጎ ነው፤ ነጩ ግድግዳ ሲበዛ «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል፣ ጥቁር ፊት ደግሞ ቀድሞ ይጠፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፊቱን ስክሪኑ ላይ በጣት መንካትና ግድግዳው ቢነጣ መተው። ረዳቱ ይህን ከማንም ሳይማር ያውቀው ኖሯል፤ «እኔ ሁልጊዜ አፍንጫውን ነው የምነካው» አለ።

ይህ የጅቡቲ ፀሐይ ጥፋት ብቻ አይደለም። በፊልም ዘመን የኮዳክ ማተሚያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉት «ሸርሊ» በተባሉ ካርዶች ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ለረጅም ጊዜ ነጭ ሴት ነበረች። የእሷ ቆዳ ካማረ ቀለሙ ትክክል ነው ተብሎ ያልፍ ነበር። በድሮ ባለ ቀለም የሠርግ ፎቶ ላይ ቬሎው ደምቆ ሙሽሮቹ ዓይንና ጥርስ ብቻ የሆኑበት አንዱ ምክንያት ከዚህ ይመጣል።

ሌላም የአገሩ ጠባይ አለ። ማቀዝቀዣ ካለበት ክፍል ወደ ውጭ ሲወጣ ሌንሱ ወዲያው ላብ ያልበዋል፤ ጠርጎ መጠበቅ ነው። በሞቃቶቹ ወራት ስልኩ ራሱ ይግልና ካሜራውን ይዘጋል። የሚመረጠው ሰዓት ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ነው፤ ከተማው ከቀትር እንቅልፉ ሲነቃ፣ ልጆች ባሕሩ በሸሸበት የሲየስታ ዳርቻ ኳስ ሲጀምሩ። የዚያን ሰዓት ፎቶ ሁሉም አለው። ያማረ ነው፣ ተመሳሳይም ነው። እንደ አሳል ሐይቅ ጨው ማለት ነው፤ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ያለውን ያንን ነጭ ሜዳ ያላነሳ ጎብኚ የለም።

ከጠረጴዛው ሁሉ የወደድኩት ፎቶ ግን የምግብ ቤቱ ባለቤት ያነሳችው ነው። በሰባት ሰዓት ገደማ ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት ከተማ ይገባል፤ መኪኖች ይጮኻሉ፣ በየጥጉ ጠረጴዛ ዘርግተው የሚሸጡት ሴቶች ይከበባሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መንገዱ ጭር ይላል። እሷ ያነሳችው ያንን ነው፦ ባዶ ጠረጴዛ፣ ጫቱ እንዳይጠወልግ የተሸፈነበት እርጥብ ጆንያ፣ ከጠረጴዛው እግር አጠገብ የወለቀ ነጠላ ጫማ። ጥላ የለም፤ ፀሐይዋ ሁሉንም ነገር ከላይ ደፍጥጣዋለች። በቀትር ማንሳት ስህተት ነው የሚለው ደንብ እዚህ አልሠራም፤ ድካሙን ያመጣው ያ ጥላ አልባ ብርሃን ነው።

«ሰው የሌለበት ፎቶ ሙት ነው» አለ ሹፌሩ።

«ሴትየዋን ጠይቄያት ነበር» አለች። «እኔን ተዪኝ፣ ጠረጴዛውን አንሺ አለችኝ። ታዲያ ምን ላድርግ?»

ትክክል አድርጋለች። ፎቶ መከልከል በጅቡቲ ገበያ የተለመደ ነው፤ የተከለከለ ሰው ደግሞ ከሩቅ ሰርቆ ማንሳት ይቃጣዋል። እሷ ግን ክልከላውን ይዛ ፎቶ ሠራችበት።

የመንግሥት ክልከላውም ቀላል አይደለም። ወደብ፣ አየር ማረፊያ፣ የመንግሥት ሕንፃና የጦር ካምፕ ማንሳት አይፈቀድም። በዚህች ትንሽ አገር የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የቻይና ጦር ሰፍሯል። ከወደብ ጭነት የሚያነሳ ሹፌር እንግዲህ የሥራ ቦታውን፣ ሕይወቱን የሚያሳልፍበትን ክሬንና ኮንቴይነር፣ ማንሳት አይችልም። የቀረለት ወረፋው ነው፦ ከተሳቢ ሥር የሚፈላ ሻይ፣ መስተዋት ላይ የተንጠለጠለ መቁጠሪያ፣ የጓደኛ እግር። የአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ እጅግ የሚበዛው ክፍል በዚህ መንገድ ያልፋል፤ የመንገዱ የውስጥ አልበም ግን በእነዚህ ስልኮች ውስጥ ነው ያለው።

ባለ እግሩ ሹፌር ፎቶውን አይቶት እንደሆነ ጠየቅሁ። ዝም አሉ። ከዚያ ደወሉለት፣ ነገሩትም። «ጫማ አድርጌ ድገሙት» አለ። ሳቁ ካበቃ በኋላ መምህሩ፣ ካልፈቀደ ለሌላ ሰው አይታይም አለ፤ ሹፌሩ ፊቱ አይታወቅም ሲል ተከራከረ። እኔ ከመምህሩ ጋር ነኝ። የተኛ ሰው አልጠየቁኝም ማለት ይችላል።

ይህ የፈቃድ ጥያቄ የሚከብደው ወደ ወደብ ከተማዋ ኦቦክ ሲመጣ ነው። ብዙ የአገራችን ልጆች በታጁራ በኩል በእግር ወደዚያ ይሄዳሉ፣ በጀልባም ወደ የመን ይሻገራሉ። መንገድ ዳር ውሃ የሚለምኑትን ያላየ ሹፌር የለም፤ ብዙዎቹም ፎቶ አላቸው። ከጠረጴዛው አንዱ ስልኩን ከፍቶ ሊያሳየን ነበር፤ ፊታቸው ይታይ ስለነበር መልሶ ዘጋው። ፊቱ የታየ ልጅ በደላላ እጅ ሊገባ፣ ወይ ለቤተሰቡ ከማያውቁት ሰው የመጣ ዜና ሊሆን ይችላል። ውሃ የሚሰጥ ሰው ካሜራ መያዝ አያስፈልገውም የሚል ጽኑ አቋም ያላት የምግብ ቤቱ ባለቤት ናት።

ወሬው በመጨረሻ ወደ ማሳተም ዞረ። ስልክ ይሰረቃል፣ ባሕር ውስጥ ይወድቃል፣ በግለት ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2018 በመጽሐፍ የወጣው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የከተማውን ያለፈ ኑሮ ሊያሳየን የቻለው ቤተሰቦች በየሳጥናቸው ወረቀት ስላስቀመጡ ነው። ፎቶ ቤት ተነስቶ ለዘመድ መላክ፣ ጀርባው ላይም «ለማስታወሻ» ብሎ ስምና ቀን መጻፍ የእኛ ወግ ነበር። ሹፌሩ በሚቀጥለው ጉዞው ድሬዳዋ ላይ ጥቂት ሊያሳትም ተስማማ። መጠኑ ያከራክር ጀመር፤ ፖስትካርድ የሚያክለው አሸነፈ፣ ጀርባው ላይ መጻፊያ ቦታ አለው። ወረቀቱ እንዳያብረቀርቅ ተባለ፤ በዚህ አገር ወበቅ አንጸባራቂው ፍሬም መስታወት ላይ ይጣበቃል።

ጀርባው ላይ ምን ይጻፍ? የተነሳው ሰው ስም፣ ከፈቀደ። ጫት ሻጯ አልፈቀደችም፤ ስለዚህ ሰፈሩና ሰዓቱ ብቻ። ቀኑስ? የምግብ ቤቱ ባለቤት በእኛ አቆጣጠር ይሁን አለች። መምህሩ፣ ልጆቹ የሚያውቁት የፈረንጁን ነው አለ። ሹፌሩ ሁለቱም ይጻፍ ሲል ረዳቱ፣ ሁለቱ ከተጻፉ ለስሙ የሚተርፍ ቦታ የለም ብሎ ጀርባውን በጣቱ መለካት ጀመረ።